ያንን ቤዝ የመታው ሰውዬ

እንግሊዝ አገር፣ እኛ ፋቨርሻም ከተማ ውስጥ ኔቪል ታፕሰልን የማያውቅ ሰው ቢኖር መኪና መንዳት የማይችል ሰው ብቻ ነው። የከተማውን እኩሌታ መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ዛሬ በገበያው አደባባይ ደረቱን ነፍቶ የሚነዳ ሁሉ አንድ ቀን ከኔቪል ጎን ተቀምጦ፣ መሪውን አንቆ ይዞ፣ ላብ ሲያጠምቀው የነበረ ነው። ኔቪል ግን አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ተማሪው ቀጥ ብሎ ግድግዳ ላይ ሊወጣ ሲል እንኳን "እስቲ አሁን ፍሬን የሚባለውን ነገር እናስታውሰው" ይላል እንጂ አይጮህም። ጡረታ ከወጣ ወዲህም መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ መስኮት ዝቅ አድርጎ "ኔቪል! ስፔኪዮ አይቻለሁ እኮ፣ አየኸኝ?" ይለዋል። እሱም እጁን ያነሳለታል።

እጁን ሲያነሳ ታዲያ የግራ እጁ የቀለበት ጣት አይዘረጋም። ወደ መዳፉ ታጥፎ ቀርቷል። እኛ አገር ሽማግሌዎች ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ አባቱም አያቱም ነበረባቸው። ሐኪሙ "ቀዶ ጥገና መሞከር ይቻላል፣ ግን ተመልሶ መታጠፉ አይቀርም" ብሎታል። መሪ ለመያዝ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ለሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሌላ ነገር ደግሞ እንኳን ለሐኪም ለገዛ ሚስቱም አልነገራት።

ኔቪል በጎረምሳነቱ ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ከሦስት የሰፈሩ ልጆች ጋር ሆኖ አንድ የገብስ ጎተራ ውስጥ ባንድ አቋቁመው ስሙን "ባለ ጃንጥላው ዓሣ" አሉት። አትሳቁ እንግዲህ፤ በዚያን ዘመን የባንድ ስም ሁሉ እንዲህ ነበር። ጸጉር እስከ ትከሻ፣ ሱሪ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ አንድ ሙዚቃ ከተጀመረ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ እናቶች ድንች ልጠው፣ ቀቅለው፣ አቅርበው ይጨርሳሉ። ሰው ሁሉ በአራት ምት ሲጨፍር እነሱ በሰባት ይቆጥራሉ። ሊጨፍር የሞከረ እግሩ ተሳስሮ ይወድቃል። ደስ የሚላቸውም እሱ ነበር።

አንድ ሸክላ አሳትመዋል። አንድ ብቻ። የሸክላውን አንድ ገጽ እንዳለ የያዘው "የረግረጉ ሠርግ" የሚባል ሙዚቃ ነው። መሐል ላይ ኦርጋኑም፣ ጊታሩም፣ ከበሮውም በአንዴ ጸጥ ይሉና ቤዙ ብቻውን ይቀራል። በጭለማ ጭቃ ውስጥ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለ፣ እየተደነቃቀፈ፣ እየተነሳ ይሄዳል። ያቺን ቦታ የሰማ ሰው አይረሳትም። እኔ ስለ ሙዚቃ ብዙም የማልጨነቅ ሰው ነኝ፤ ያቺን ቦታ ስሰማ ግን የያዝኩትን አስቀምጣለሁ፣ ምን ልዋሽ።

ሸክላው ላይ "ቤዝ፦ ኔቪል ታፕሰል" ይላል። ውሸት ነው።

ልምምድ ላይ ኔቪል ያቺን ቦታ ከጓደኛው ከኮሊን ከበሮ ጀርባ ተሸሽጎ ያልፋት ነበር። ኮሊን ከበሮ ሲደበድብ የኔቪልን ስህተት ማን ይሰማዋል? ለንደን ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ጋይ የሚባለው አስቀራጫቸው "እዚህ ጋ ሁላችሁም ዝም በሉ፤ ቤዙ ብቻውን ይሂድ" አለ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ሌሎቹ የየራሳቸውን ጨርሰው በባቡር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኔቪል ቀረና ሞከረ። ቀኑን ሙሉ ሞከረ፣ በማግስቱም ሞከረ። ሁልጊዜ ዜማው የሚዞርባት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጣቱ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። በመጨረሻ ጋይ በማይክሮፎኑ "ኔቪል፣ ወጣ በልና ሻይ ጠጣ፣ ወዳጄ፣ አየር ውሰድ" አለው።

ኔቪል ወጣ። መናፈሻ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳክዬ ሲያይ ቆየ። ሲመለስ በስቱዲዮው መስታወት በኩል አንድ ሰውዬ አየ። ከረባት ያሰረ፣ ጸጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የለጠፈ፣ አባቱን የሚያክል ሰውዬ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሏል። ግማሹ የተበላ የእንቁላል ሳንድዊች ድምፅ ማጉያው ላይ ተቀምጧል። የኖታውን ወረቀት እያየ፣ ያቺን ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ትንፋሽ መታት። ከዚያ ጊታሩን አስቀምጦ ሳንድዊቹን አነሳና "ይበቃችኋል?" አለ። ይበቃቸዋል! ጋይ እንባውን እየጠረገ ነበር።

ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ሰውዬው ለኔቪል እጁን ዘርግቶ ስሙን ነገረው። ማርጌት በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ለዳንሰኞች እንደሚጫወት፣ ስቱዲዮ ሲጠሩትም እንደሚመጣ ነገረው። "ጣቶችህን አታስጨንቃቸው፣ ልጄ" አለው፤ "እኔም ባንተ ዕድሜ እንዳንተ ነበርኩ።" ደግ ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ኔቪል የሚጠላው ሰው ያገኝ ነበር። ጋይ ደግሞ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ማንም አይጠይቅህም። የሚጻፈው ያንተ ስም ነው። ጓደኞችህም ማወቅ የለባቸውም" አለው። እውነቱን ነው፤ ማንም አልጠየቀም።

ከዚያማ ምን ይሆናል? ሸክላው ወጣ። ብዙ አልተሸጠም፣ የገዛው ሰው ግን ያቺን ቦታ ወደዳት። ከጀርመን አገር "መጥታችሁ ተጫወቱልን" የሚል ጥሪ መጣ። ኮሊን በደስታ እየዘለለ ኔቪል ቤት መጣና "የረግረጉን ሠርግ ነው የሚፈልጉት! ያንተን ቦታ ነው የሚፈልጉት፣ አንተ ሌባ!" አለው። ኔቪል ደግሞ እናቴ ታማለች፣ ትቻት መሄድ አልችልም አለ። እናቱ በዚያች ሰዓት ጓሮ ውስጥ እየዘፈነች ልብስ ታሰጣ ነበር። ሌላ ቤዝ ተጫዋች ይዘው እንዲሄዱ ለመናቸው። ወይ ፍንክች! "አንተ የሌለህበት ሠርግ አንሄድም" አሉ። በፍቅር ነው ያሉት። እንዲህ በፍቅር፣ እሱን አክብረው ቀሩና ባንዱ ፈረሰ። ኮሊን ጣሪያ ሠሪ ሆነ፣ ኔቪል የመንዳት አስተማሪ ሆነ፣ ሌሎቹም ወደየኑሯቸው ተበተኑ። ኮሊን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳንባውን ታሞ ሊሞት ሲል "ጀርመን ብንሄድ ኖሮ እኮ…" ብሎ ጀመረና ሳል አቋረጠው። "ኔቭ፣ ያኔ ምን ነካህ?" ኔቪል አልጋው አጠገብ ተቀምጦ "እናቴ ታማ ነበር" አለው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔቪል ዝምታ ግን ነቅዞ ጓደኛውንም ይዞት ሄደ።

ግሌንዳ ደግሞ አለች። ሚስቱ። ወደ እሱ የመጣችው መንዳት ልትማር ነው። አንድ ቀን በወሬ መሐል ስለ ሙዚቃ ተነሳና አሉን የሚባለው ወንድሟ በሞተር ብስክሌት አደጋ የሞተ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ አንድ ሸክላ ስትሰማ እንደከረመች ነገረችው። ከሸክላውም አንዲት ቦታ ነበረች፤ ቤዙ ብቻውን የሚሄድባት። መርፌውን እያነሳች እዚያው ላይ ስትመልሰው፣ ስትመልሰው ሸክላው እዚያ ቦታ ላይ ተፍቆ ነጭ ሆነ። "ያቺ ቦታ ባትኖር እኔም የለሁም ነበር" አለች። የሸክላውን ስም ጠየቃት፣ ነገረችው። ፊቱ ልክ አልሆነም መሰለኝ፣ ዞር ብላ አየችውና በማስተማሪያ መኪናው በር ላይ የተጻፈውን ስሙን አስታወሰች። ፍሪሲዮኑን ለቀቀችው፤ መኪናው የወንዙ ድልድይ መሐል ላይ ተንገጫግጮ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ጡሩምባው ይንጫጫል።

"ያንን ቤዝ የመታኸው አንተ ነህ?"

ኔቪል ምን አለ መሰላችሁ? "እሱ የድሮ ነገር ነው" አለ። አዎ አላለም። አይደለሁምም አላለም። እኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ መልስ ማለት አዎ ማለት ነው። የእኛ ሰው ሲመሰገን ራሱን መቅበር አለበት። ጎል ያገባው "ኳሷ እግሬን መታችኝ" ይላል። ኬክ የጋገረችው "ጡብ ሆኖብኛል፣ ይቅርታ" ብላ ነው የምታቀርበው። "አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ" ያለ ሰው ጎረቤት አይኖረውም። ስለዚህ ግሌንዳ መስማት የፈለገችውን ሰማች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ በዓመቱ ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። ኔቪል በዕድሜው ሙሉ አንዲት ቀን እንኳን "እኔ ነኝ የመታሁት" ብሎ ዋሽቶ አያውቅም። መዋሸት አላስፈለገውም።

ግሌንዳ ለመዘምራን ልምምድ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ኔቪል ጊታሩን ከጣሪያ ሥር ያወርዳል። ያቺን ቦታ ይለማመዳል። ስንቱን ዘመን! ተጫውቼዋለሁ ብሎ የኖረውን ለመጫወት መለማመድ፣ እስቲ አስቡት። አንድ ቀን ብችላት፣ ይል ነበር፣ አንድ ቀን ብቻ አንድም ሳልስት ብመታት፣ ለግሌንዳ እነግራትና ያንኑ ሰዓት እሷ ፊት እጫወትላታለሁ። ያኔ ነገሩ ውሸት መሆኑ ይቀራል። አንድ ጸደይ ላይ በእርግጥ ቀርቧት ነበር፤ መታጠፊያዋን አለፋት፣ መጨረሻዋ ላይ ብቻ ሳታት። በሚቀጥለው ሳምንት እደግማታለሁ ብሎ ጊታሩን ሰቀለ። በዚያው ሰሞን ነው ጣቱ መታጠፍ የጀመረው። ከዚያ በኋላ ጊታሩን አላወረደውም። በመዘምራኑ ቀን ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ መዳፉን ያያል።

በዚህ ላይ ነው የ"ሦስቱ ቁራዎች" ሰዎች የመጡበት።

"ሦስቱ ቁራዎች" ወንዙ ዳር ያለ መጠጥ ቤት ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ሰው ስለ እግር ኳስ ይከራከራል፣ ስለ ፓርላማ ይከራከራል፤ እነዚህ የሚከራከሩት ስለ ቤዝ ተጫዋች ነው። ማን ይበልጣል? በጣት የሚመታው ወይስ በመምቻ? ዴስ የሚባለው፣ ሉካንዳ ቤት የነበረው ባለ ሆዱ ሰውዬ፣ "ቤዝ ማለት ሆድህ ውስጥ ካልገባ ቤዝ አይደለም" ይላል። ሩፐርት የሚባለው የሒሳብ አስተማሪ የነበረው ቀጫጫ ደግሞ "ያንተ ሆድማ ምን የማይገባበት አለ?" ይለዋል። ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ፣ ቢራ ይቀዳል። ዴስ አንድ ቀን ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ያንን ሸክላ አገኘና ጀርባውን አነበበ። አነበበና እንደ ሕፃን ጮኸ። መንዳት ያስተማረው ኔቪል!

እየጎተቱ አመጡት። አልፈልግም ቢል ማን ይሰማዋል? እሱም እሑድ እሑድ ይቀመጥ ጀመር፤ ሲያሞግሱት "እሱ የድሮ ነገር ነው" ይላል፤ ሲጫወት ማየት እንፈልጋለን ሲሉት ጣቱን ያሳያቸዋል። እነሱም ከንፈራቸውን ይመጣሉ። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይላሉ። ኔቪል ሊደምቅ አልፈለገም ነበር፤ እነሱ ግን እያነሱ አንገቱ ላይ አጠለቁለት።

ዘንድሮ ደግሞ ይባስ ብለው ድምፅ ሰጡ። ከሰሙት የቤዝ ምት ሁሉ የሚወዱትን መረጡ፤ ያቺ ቦታ አሸነፈች። ከአግዳሚው በላይ ግድግዳው ላይ በምስማር የሚመታ የናስ ሰሌዳ አሠሩ፤ የኔቪል ስም ተቀርጾበታል። በሚቀጥለው እሑድ ይሰቀላል፤ የሸፈነውን ጨርቅ ስባ የምታወርደው ግሌንዳ ናት። ዴስ ራሱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናት። ግሌንዳ አረንጓዴ ከፋይ ገዝታ ጠርዙን ስትዘመዝም ኔቪል ደርሶ አያት።

"ይሄን ሁሉ ምን አደከመሽ? ፎጣ ጣል ቢያደርጉበት አይበቃም?" አላት።

"አይበቃም" አለች ቀና ሳትል። "ለወንድሜ ለአሉን ብዬ ነው የምስበው። አንድም ቀን ነግሬህ አላውቅም፣ ኔቪል፤ ግን ያቺን ቦታ ስሰማ እሱ ያልሞተ ይመስለኝ ነበር። አንተ ከሩቅ ሆነህ፣ ሳታውቀኝ፣ ይዘኸኝ ነበር።"

ኔቪል ጓሮ ወጣ። ዕቃ ማስቀመጫው ግድግዳ ላይ ግንባሩን ደግፎ ቆመ። በሟች ወንድሟ ስም ነው ጨርቁ የሚሳበው። እስካሁን ያለው ሁሉ የወሬ ነበር፣ የሚታገሡት ነበር፤ ይሄን ግን እንዴት ቆሞ ያያል? ሰሌዳው ሳይሰቀል፣ እሷ ጨርቁን ሳትስብ፣ መቆም አለበት። ለእሷ መንገር አልቻለም። እነሱ ይሰሙትና ይሰርዙታል፤ ለእሷ "ሐሳባቸውን ቀየሩ" እላታለሁ አለ። ፈሪ ነው ብትሉት አልከራከራችሁም።

ሰሌዳው ሊሰቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ቀን፣ ከምሳው ጥብስ ላይ ድንቹን ብቻ ቀማምሶ "ሦስቱ ቁራዎች" ሄደ። ዴስ ዱባውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። በመኸር ትርዒቱ አንደኛ የወጣው ዱባ ነው፣ ጥጃ ያህላል።

"አይ፣ ምን ዱባ ነው ይሄ" ይላል ዴስ ሲያደንቁለት። "ውሃ ነው እኮ። ሌላው ሰው አልመጣም መሰለኝ፤ ዝናብ ነበር።"

"ዝናቡ ነው ያሸለመህ ማለት ነው?" አለው ሩፐርት።

"ዝናቡና ፋንድያው።"

ኔቪል ሳይቀመጥ "ሰዎች፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው" አለ። "ሰሌዳውን አትስቀሉት። ያንን ቤዝ የመታሁት እኔ አይደለሁም።"

ከዚያ ዴስ በሳቅ ፈረሰ። ሆዱ ጠረጴዛውን ገፋው፤ ዱባው ተንከባለለና ሩፐርት ለቀም አደረገው።

"ሰማችሁ? የኔን ዱባ በለጠው! እኔ ውሃ ነው ብል፣ እሱ እቴ ጭራሽ የለሁበትም!"

"አልቀለድኩም፣ ዴስ። ጋይ ሌላ ሰው አመጣ። ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነበር። የእንቁላል ሳንድዊች እየበላ…"

"የእንቁላል ሳንድዊች!" ዴስ ዓይኑን ጠረገ። "ኧረ ተው፣ አንጀቴ ተቆረጠ። ከረባት አስሮ! ይሄንንማ ፈጥሮ ነው የመጣው፣ ሌሊቱን ሲያስብ ያደረ!"

"እውነቴን ነው! እኔ ሁለት ቀን ሞክሬ አቃተኝ! መታጠፊያዋ ላይ…"

"ኔቪል፣ ስማኝ፣ ወንድሜ" አለ ሩፐርት፤ ዱባውን እንደታቀፈ፣ በአስተማሪ ድምፅ። "ያቺን ቦታ በዝግታ አድርጌ ስንቴ ሰምቻታለሁ መሰለህ። መታጠፊያዋ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ የምትጎትታት ነገር አለች። ሸክላው ላይ በሌሎቹም ሙዚቃዎች አለች። ያንተ ጣት ናት። እኔን ማንም አያታልለኝም፤ አንተ እንኳን።"

ኔቪል ላይ ጭራሽ ማስረጃ መጣበት! ሲጮህ ምን ነካው አሉ፤ ሲለምን ይበልጥ ወደዱት። እዚያ ጥግ ያሉት አሮጊት ሳይቀሩ "እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አይቼም አላውቅ" አሉ። አንዱ ቢራ አዘዘለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ሰዎች "ሦስቱ ቁራዎች" ገብተው አያውቁም። ኔቪል በትሕትና ሲዋሽ ኖሮ እውነት የሚናገርበት አፍ አልቀረውም። ቢራውን ሳይነካው ወጣ።

በወንዙ ዳር ሲሄድ ዝናብ ጀመረው። መጀመሪያ ተናደደ። ቆይቶ ግን አንድ ክፉ ተስፋ ገባበት፤ እውነቱን ለመናገር ተስፋ ብዬ ልጥራው አልጥራው አላውቅም። እነዚህ አላመኑኝም። ግሌንዳም አታምነኝም። "ሂድ ወደዚያ፣ ደግሞ ጀመርክ" ትለኛለች፣ ትስቃለች። ያኔ ነግሬያታለሁ፣ አልዋሸኋትም፣ እሷም አልተጎዳችም። እንዲህ እያለ ሄደ። እግሩም ፈጠነ።

ግሌንዳ ምጣዱን አጥባ ጨርሳ መስኮቱ አጠገብ ከፋዩን ትዘመዝማለች። ኔቪል ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ነገራት። ስለ ዳክዬዎቹ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ሳንድዊቹ። ስለ ጀርመንና ስለ ኮሊን። ስለ መዘምራኑ ቀንም፣ እነ ዴስ ስለ ሳቁበትም ነገራት። ሲጨርስ እንደ ዴስ ቀለል አድርጎ ሳቅ ሊል ሞከረ፤ እንድትስቅ መንገድ ሊከፍትላት።

ግሌንዳ አልሳቀችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። አንዲትም "እውነትህን ነው?" ሳትል፣ አንዲትም "ምን ማለትህ ነው?" ሳትል፣ ፊቷ ላይ ሲገባት አየው። ወዲያው ነው ያመነችው። እሱ እየለመነ አንድ መጠጥ ቤት ሙሉ ሰው ያላመነውን እሷ ጭራሽ ሳትጠይቅ አመነችው። ኔቪል ያን ጊዜ አንዲት ሳቅ ብትስቅለት ደህናውን እጁንም በሰጣት ነበር።

"ስሙ ማን ነው?" አለችው።

"የማን?"

"የሰውዬው።"

ያንን ስም ለፍጡር አውጥቶ አያውቅም። "ሴድሪክ ሃምብሊን።"

"ሴድሪክ ሃምብሊን" አለች ቀስ ብላ። "በሕይወት አለ?"

"ሞቷል። ቆየ። ጋዜጣ ላይ አይቼ ነበር፤ ትንሽ ነገር ናት የወጣችው፣ ሆቴል ውስጥ ይጫወት እንደነበር ብቻ ነው የጻፉት።"

"ማንም አልነገረውም ማለት ነው። ያቺ ቦታ ለሰው ምን እንዳደረገች።"

"ማንም።"

"እኔ እነግረው ነበር" አለች። ከዚያ መርፌዋን አነሳች።

"ግሌንዳዬ፣ ጨርቁን ተይው። ዴስን እኔ…"

"አላመኑኝም ብለኸኛል። እስበዋለሁ። ለማን እንደምስበው አውቃለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። አኩርፋ አልነበረም፤ ብታኮርፍ ባወቀበት። ሻዩን ታፈላለታለች፣ ደህና እደር ትለዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ከላይ ክፍል ሸክላው ሲዞር ሰማ። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ መርፌው ተነሳና ተመለሰ። እንደገና ተመለሰ። ኔቪል ደረጃው ግርጌ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፤ መውጣት አልደፈረም። ሚስቱ ከላይ ከሌላ ሰው ጋር ናት፣ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም እዚያ የነበረው ነው። በማን ይቀናል? ማንን ይከሳል?

እሑድ ደረሰ። ግሌንዳ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ ሄደች። ዴስ ከረባት አስሮ መጣና ኔቪልን በዓይኑ ጠቅሶ "ሳንድዊቹን ነው የረሳሁት!" አለ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሩፐርት ስለ መታጠፊያዋ ንግግር አደረገ። ከዚያ ግሌንዳ አግዳሚው ላይ ወጣች፣ ከፋዩን ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ አንድ ነገር አለ፤ ማንም አልሰማውም፣ ኔቪል ብቻ የማንን ስም እንደጠራች ያውቃል። ሳበችው። ሰው አጨበጨበ። "ኔቪል! ኔቪል! አንድ ነገር በል!" አሉ።

"እሱ የድሮ ነገር ነው" አለ ኔቪል። ይበልጥ አጨበጨቡለት።

ሲመለሱ የነዳችው ግሌንዳ ናት። እሱን በዚያ ጣቱ አስጨብጠው ሁለት ብርጭቆ ቢራ አጠጥተውታል። ጎኗ፣ ድሮ ሲያስተምራት በሚቀመጥበት በኩል ተቀመጠ። የወንዙ ድልድይ ላይ ሲደርሱ፣ ያን ቀን ሞተሩ የጠፋባት ቦታ ላይ፣ ፊቷን ከመንገዱ ሳታነሳ፦

"ያ ሴድሪክ" አለች፤ "ሚስት ነበረችው?"

"አላውቅም" አለ ኔቪል።

እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ስፔኪዮዋን አየች፣ ፍሬቻ አሳየች፣ ልክ እሱ እንዳስተማራት ቀስ ብላ ታጠፈች።